«ቫይታል»ን በቦታዋ ለመጠቀም

ነርስ ነኝ። ካርድ ላይ የምንጽፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ አዲስ ገቢ ልጆች «ቫይታል» (vital፣ የግድ አስፈላጊ) የምትለውን ቃል የት የት እንደሚሰኳት በየቀኑ አያለሁ። ቃሏን ግን ከማንም በላይ የምናውቃት እኛ ነን። «ቫይታል ሳይን ውሰጂ» ስንባባል ነው የምንውለው፤ የደም ግፊት፣ የልብ ትርታ፣ ትንፋሽ፣ ሙቀት። አዋቂ ሰው ዐረፍ ብሎ ሳለ ትርታው በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ከሆነ ደህና ነው እንላለን። እነዚህ ከተቃወሱ ነፍስ ላይ ያለ ጉዳይ ነው።

ምንጯም ይኸው ነው። በላቲን «ቪታ» ሕይወት ነው። ፖላንዳዊው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ካዚሚር ፈንክ በ1912 (እ.ኤ.አ.) ለቫይታሚን ስም ያወጣው ከዚያው ነው። ስለዚህ ከ«ኢምፖርታንት» ትከብዳለች። ያ ነገር ከሌለ ሥራው የሚቆም ከሆነ ጻፏት። ትንፋሽ ላጠረው ሰው ኦክስጅን ቫይታል ነው። የጠያቂ ሰዓት መከበር ግን፣ ዘበኛው ይቅር ይበለኝና፣ ኢምፖርታንት ብቻ ነው።

ከኋላዋ «ቱ» ወይም «ፎር» ይከተላል፦ «ኦክስጅን ኢዝ ቫይታል ቱ ዘ ብሬይን»። ልጆቹን የምታስቸግረው «ዛት» ስትከተል ነው። «ኢት ኢዝ ቫይታል ዛት ሺ ቴክ ኸር ሜዲሲን» በሉ። «ቴክስ» ብላችሁ «ስ» አትጨምሩ። «ሹድ ቴክ»ም ያስኬዳል፤ እንግሊዞቹ ይወዱታል። «ቬሪ ቫይታል» ጆሮ ይቆረቁራል። ማጠንከር ካማራችሁ «አብሶሉትሊ» አለላችሁ።

ሰው ላይ ስትሆን ጠንቀቅ በሉ። «ኤ ቫይታል ዉማን» ንቁ፣ ሕይወት የሞላባት ሴት ናት። ያለሷ ሥራችን አይሄድም ለማለት «ሺ ኢዝ ቫይታል ቱ አወር ቲም» ነው። በሽተኛን «ክሪቲካል» ካላችሁት ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው ማለት ነው፤ ቤተሰብ ሰምቶ ለቅሶ ሊጀምር ይችላል።

ከሆስፒታል ውጭ የምታገኟት ወረዳ ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የሚመዘገቡት ወሳኝ ኩነቶች፣ ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት፣ በእንግሊዝኛ «ቫይታል ኢቨንትስ» ናቸው። ሰርተፍኬት ስታስተረጉሙ «ኢምፖርታንት ኢቨንትስ» ተብሎ ከመጣ፣ ማኅተም ሳይመታበት መልሱት።