ፒክአፕ ላይ የተደበቀ የኤሌክትሪክ ብልሽት እንዴት ይፈለጋል?

ፍሬን ስትይዙ የኋላው ፓርኪንግ መብራት ፈዘዝ ብሎ ይበራል። ፍሬቻ ስታበሩ ሌላ መብራት አብሮ ብልጭ ይላል። ማታ በደህና ያቆማችሁት መኪና ጠዋት ቁልፍ ሲዞር “ጠቅ” ብሎ ዝም ይላል። ቀጥሎ የሚመጣው የታወቀ ነው። ባትሪ ይቀየራል፣ ከዚያ ዳይናሞ፣ ከዚያ ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው)። ገንዘቡ ያልቃል፣ ችግሩ ግን እዚያው አለ።

ዕቃ ከመቀየራችሁ በፊት ለኩ። እንዲህ ያለ ግራ የሚያጋባ ብልሽት ብዙ ጊዜ ከግንኙነት ይመጣል። ከግንኙነቶች ሁሉ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማሳ ነው፤ ማለትም ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት ግንኙነት።

ባሕር ዳር አካባቢ ለዚህ ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል። ፒክአፑ ከወረታ ሩዝ ይጭናል፣ ከጣና ዳር ዓሣ ያመላልሳል፣ ከአስፋልት ወጥቶ ጭቃ ውስጥ ይገባል። ጭቃውና ውሃው ሻንሲው ሥር ባሉት ሶኬቶች ውስጥ ይቀመጣል። ኮረኮንቹ ደግሞ ብሎኑን ያላላል።

የሚያስፈልጋችሁ ብዙ አይደለም። አንድ መልቲሜትር (ቮልትና አምፔር መለኪያ)፣ ሁለት ሽቦ የተያያዘበት ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል፣ 10 ቁጥር የብሎን መፍቻ፣ የብርጭቆ ወረቀትና ረዘም ያለ ሽቦ። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። ባትሪ ስትፈቱ ከኔጌቲቩ ጀምሩ። ስትገጥሙ ኔጌቲቩ መጨረሻ ይሁን።

መጀመሪያ መኪናውን “ጠይቁት”። ችግሩ የሚመጣው ሲዘንብ ነው? ሞተሩ ሲሞቅ ነው? ጉድጓድ ሲመታ ነው? ከመጀመሩ በፊት አላርም፣ ቴፕ ወይም ተጨማሪ የፊት መብራት ተገጥሞ ነበር? በኋላ የተጨመረ ሽቦ ካለ ፍለጋውን ከእሱ ጀምሩ። በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ ቅጥያ ዋናው ተጠርጣሪ ነው።

ቀጥሎ ባትሪው። መኪናው ለጥቂት ሰዓታት ከቆመ በኋላ ለኩ። 12.6 ቮልት ካለ ሙሉ ነው። 12.4 ከሆነ ቀንሷል፣ 12.0 ከሆነ ሊያልቅ ተቃርቧል። ሞተሩ ሲነሳ ከ13.8 እስከ 14.5 አካባቢ ካሳየ ዳይናሞው እየሞላ ነው። ሞተሪኖው ሲያዞር ቮልቱ ከ10 በጣም ከወረደ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ሞተሪኖው ከልክ በላይ እየጎተተ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። አንዱን የመልቲሜትር ጫፍ የባትሪው እርሳስ (ኬብሉ የሚታሰርበት ጉብታ) ላይ፣ ሌላውን እርሳሱን የጨበጠው ማሰሪያ ላይ አድርጉ። ሰው ቁልፍ ያዙርላችሁ። ቁጥሩ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ግማሽ ቮልት እንኳ ካሳየ ማሰሪያው ሥር ቆሻሻ አለ። ፈታችሁ እስኪያብለጨልጭ አጽዱት።

አሁን ማሳ። ጥቁሩን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን የሞተሩ ብረት ላይ አድርጋችሁ ሞተሪኖውን አስዞሩ። እስከ 0.3 ቮልት ድረስ ችግር የለውም። ከዚያ በላይ ከሆነ ከባትሪ ወደ ሞተር የሚሄደው ኬብል ተበልቷል ወይም ላልቷል። ቀጥሎ መብራቶቹን ሁሉ አብሩና ቀዩን ጫፍ የጋቢናው ብረት ላይ አድርጉ። ይህኛው ከ0.1 ብዙ ማለፍ የለበትም።

ኦም (የሽቦውን ተቃውሞ) ለክቶ “ኬብሉ ደህና ነው” ማለት አያዋጣም። ውስጡ ተበልቶ ጥቂት ክር ብቻ የቀረው ኬብል በኦም ሲለካ ጤነኛ ይመስላል። ሞተሪኖ ግን በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይፈልጋል፤ ያንን እነዚያ ክሮች አይሸከሙትም። ስለዚህ መለካት ያለበት ሥራ ላይ እያለ ነው።

የኋላ መብራቱም እንቆቅልሽ የሚፈታው እዚሁ ነው። ፍሬን፣ ፓርኪንግና ፍሬቻ ብዙ ጊዜ በአንድ ማሳ ነው የሚመለሱት። ያ ማሳ ሲበላሽ የፍሬኑ ኤሌክትሪክ መመለሻ ያጣል። በፓርኪንጉ አምፖል በኩል አድርጎ ይዞራል። ያልነካችሁት መብራት የሚበራው ለዚህ ነው። መሞከሪያው ቀላል ነው፤ ረዥሙን ሽቦ ከመብራቱ ማሳ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ዘርጉ። መብራቱ ከተስተካከለ ብልሽቱን አገኛችሁት ማለት ነው። ቶዮታ ላይ የማሳው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር አለው።

ዓሣ የሚያመላልስ ፒክአፕ ላይ ይህንኑ አይቻለሁ። የበረዶው ውሃ ከጭነቱ እየወረደ የኋላው ሶኬት ላይ ይንጠባጠባል። ሶኬቱ ሲከፈት ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ነበር። የማሳው ፒን በጣት ሲነካ ተሰበረ። አምፖሎቹ ግን ሁሉም ጤነኛ ነበሩ።

ሌሊት ባትሪ የሚያልቅ ከሆነ መልቲሜትሩን ባለ 10 አምፔሩ ቀዳዳ ላይ ሰክታችሁ በኔጌቲቩ ማሰሪያና በባትሪው መካከል አስገቡት። በዚህ ሁኔታ ሞተር ማስነሳት ክልክል ነው፤ መልቲሜትሩ ይቃጠላል። በሮቹን ዝጉና ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ፤ አዳዲስ መኪኖች ኮምፒውተራቸው ቶሎ አይተኛም። ከ0.05 አምፔር በታች ከሆነ ጥሩ ነው። 0.5 ከሆነ በቀን 12 አምፔር ሰዓት ይፈሳል፤ 70 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ ሳምንት አይደርስም። ከዚያ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ቁጥሩ የሚወርድበትን ፈልጉ። ሁሉም ተነቅለው ካልወረደ ዳይናሞውን ጠርጥሩ። ውስጡ ያለው ዳዮድ (ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው) ሲበላሽ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪውን ይጠጣዋል።

ፊውዝ በተደጋጋሚ የሚቃጠል ከሆነ ትልቅ ፊውዝ አትግጠሙ፣ ሽቦም አታስገቡ። መኪና በእሳት የሚያያዘው እንደዚህ ነው። በፊውዙ ቦታ ያንን ባለ 21 ዋት አምፖል አገናኙ። ሾርት (ሽቦው ብረት ነክቶ) ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል። አሁን ሽቦዎቹን ቀስ እያላችሁ አንቀሳቅሱ፤ በር ማጠፊያው ጋ፣ ሻንሲው ሥር፣ የጭነቱ ወለል ሥር። አምፖሉ የፈዘዘበት ቦታ ላይ ሽቦው ብረት እየነካ ነው። ቢጫ ሶኬት ካያችሁ ግን አትንኩ፤ የኤርባግ ነው።

ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ከጠረጠራችሁ የፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ካለ ተመሳሳይ ሪሌ ጋር አለዋውጡ። ችግሩ አብሮ ከተዛወረ ሪሌው ነው።

ስትጠግኑ ቀለሙን ፍቃችሁ ብረቱን አውጡ፣ ብሎኑን አጥብቁ፣ ላዩን ግራሶ ቀቡ። የሽቦ ቅጥያ ካለ በሶልደር ብየዳ ይሁን። ከዚያ ያንኑ ልኬት ድገሙት። በዝናብ ብቻ የሚመጣ ችግር ከነበረ ሶኬቱ ላይ በጠርሙስ ውሃ ረጭታችሁ መብራቶቹን በየተራ አብሩ። ውሃ ገብቶ እንደገና ካስቸገረ ሶኬቱ ተሰንጥቋልና ሙሉውን ቀይሩት።