ለሞዴል የጠፈር መንኮራኩር መቆሚያ ስትሠሩ እንጨቱን መጨረሻ ምረጡ

ከሞዴሉ ጋር በአንድ ሣጥን የሚመጣውን ግልጽ የፕላስቲክ መቆሚያ አልወደውም። ቀጭን ነው፣ ይወዛወዛል፣ መንኮራኩሩንም አግድም ያቆመዋል። አግድም የቆመ መንኮራኩር ደግሞ ጋራዥ ውስጥ የገባ መኪና ይመስላል። ያን ሁሉ ጊዜ ቀለም ሲቀባ፣ ሲጠረግ፣ እንደገና ሲቀባ የቆየ ሥራ እንዲህ መቀመጥ የለበትም።

ብዙ ሰው መቆሚያ ሊሠራ ሲነሣ መጀመሪያ የሚፈልገው የሚያምር እንጨት ነው። እኔ ከሁለት ጥያቄ እነሣለሁ፤ የሞዴሉ ክብደት ያረፈው የት ላይ ነው? መንኮራኩሩስ ምን እያደረገ ነው? ዘንጉ ምን ያህል ይወፍር፣ ቀዳዳው የት ይሁን፣ መሠረቱ ምን ያህል ይርዘም የሚለው ሁሉ ከእነዚህ ሁለት መልሶች ይወጣል። እንጨቱን በኋላ እንደልባችሁ ትመርጣላችሁ።

የማሳያችሁ 1/72 በሆነ (ከእውነተኛው 72 ጊዜ ባነሰ) የስፔስ ሻትል፣ ማለትም ወደ ጠፈር ይመላለስ የነበረው የአሜሪካ መንኮራኩር፣ ሞዴል ነው። እውነተኛው ሻትል 37.2 ሜትር ይረዝም ነበር፤ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ደግሞ 23.8 ሜትር ነበር። ስለዚህ ሞዴሉ 52 ሴ.ሜ በ33 ሴ.ሜ ይሆናል። የእኔው ሚዛን ላይ ሲወጣ 420 ግራም ይመዝናል። የእናንተ ከልብ ወለድ ዓለም የመጣ መርከብ ቢሆንም አሠራሩ ያው ነው፤ ቁጥሮቹን ብቻ ቀይሩ።

ምን እያደረገ ነው?

ሻትሉ ወደ ምድር ሲመለስ ከባቢ አየሩን የሚገጥመው አፍንጫውን 40 ዲግሪ ያህል ቀና አድርጎ፣ ጥቁር ሆዱን ለሙቀቱ ሰጥቶ ነበር። ማረፊያው ሲቃረብ ግን አፍንጫውን ደፍቶ 20 ዲግሪ ገደማ በሆነ ቁልቁለት ይንደረደራል። ምሕዋር ላይ ሳለ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጀርባውን ወደ ምድር አዙሮ፣ የጭነት ክፍሉን በሮች ከፍቶ ነበር የሚበረው። ሦስቱም የተለያየ መቆሚያ ይፈልጋሉ። ምሕዋር ላይ ያለውን ከመረጣችሁ ዘንጉ የሚገባው በሆዱ ሳይሆን በጭነት ክፍሉ በኩል ነው፤ ይህን ደግሞ የጭነት ክፍሉን ውስጥ ከመሥራታችሁ በፊት ማወቅ አለባችሁ።

ፍሎሪዳ ውስጥ በኬኔዲ የጠፈር ማዕከል ለጎብኚዎች የሚታየው፣ ከእውነተኞቹ ሻትሎች አንዱ የሆነው አትላንቲስ 43.21 ዲግሪ አዘንብሎ ነው የቆመው። ቁጥሩ የማስወንጨፊያውን ቆጠራ፣ 4፣ 3፣ 2፣ 1ን፣ እንዲያስታውስ ተብሎ የተመረጠ ነው። እነሱ ያንን የሚያህል አካል ሲያቆሙ ለአንግሉ እንዲህ ከተጨነቁ፣ እኛም በዘፈቀደ ባናዘነብል ጥሩ ነው።

መነሻ የሚሆን እውነተኛ በረራ የሌለው የልብ ወለድ መርከብ ከሆነ፣ አፍንጫውን ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ቀና፣ ወደ ጎን ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ዘንበል አድርጉት። ከዚያ ሲያልፍ፣ ለእኔ ዓይን፣ የሚበር ሳይሆን የሚወድቅ ይመስላል።

ለሻትሉ የመረጥኩት የ40 ዲግሪውን ነው። ከፊት ለቆመ ሰው ሆዱ ሙሉ በሙሉ ይታያል፣ ቀዳዳውም ጥቁር ላይ ስለሚሆን ዓይን አይስብም።

ክብደቱን ፈልጉ፣ ከዚያ ወረቀት አንሡ

ሞዴሉን ክብ እርሳስ ላይ በአግድሙ አስቀምጡና ወደፊትም ወደኋላም ሳያደላ የሚቆምበትን ቦታ ፈልጉ። ሆዱ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፋችሁ መስመሩን አስምሩበት። የሻትል ግራና ቀኝ እኩል ስለሆነ ይህ መስመር ከሞዴሉ መሃል መስመር ጋር የሚገናኝበት ነጥብ ይበቃል። ጎንና ጎኑ የማይመሳሰል መርከብ ከሆነ ግን እርሳሱን በርዝመቱ አዙራችሁ ድገሙት። ልኬቱ የሚወሰደው ሞተሩ፣ ጎማው፣ ካለም መብራቱና ባትሪው ሁሉ በየቦታው ሆኖ ነው። አካሉ ገና ካልተጣበቀ ክፍሎቹን በፕላስተር አስራችሁ ለኩ። ደግሞም መለካት ያለበት አካሉ ሳይዘጋ ነው፤ ምክንያቱን ወደታች ታዩታላችሁ።

በእኔው ሞዴል ነጥቡ ከጅራቱ ጫፍ 21 ሴ.ሜ ወደፊት ላይ ወደቀ።

አሁን መሰርሰሪያውን ተዉትና ትልቅ ወረቀት አንሡ። ሞዴሉን በጎኑ አስተኝታችሁ ዙሪያውን በእርሳስ ተከተሉና በልኩ ቁረጡት። የክብደት ነጥቡን ምልክት አድርጉበት። ሌላ ወረቀት ላይ የመሠረቱን መስመር አስምሩ፣ ቅርጹን በፕሮትራክተር 40 ዲግሪ አዘንብላችሁ ከላዩ ያዙት፣ ከሆዱ እስከ መሠረቱ ዘንጉን በማስመሪያ ሳሉ። ሂሳብ የማይወድ ሰው እዚህ ላይ ሂሳቡን ጨርሷል፤ ቀሪውን ወረቀቱ ይነግረዋል።

ወረቀቱ የሚነግረውን ልዘርዝር። ዘንጉ ለሆዱ ቀጥ ብሎ (በ90 ዲግሪ) እንዲገባ እፈልጋለሁ፤ ፕላስቲክን በሰያፍ መብሳት ፑንታውን ያንሸራትተዋል። ሆዱ ወደፊት ስለተገለበጠ ዘንጉም ከሆዱ ወደታችና ወደፊት ይወርዳል። 18 ሴ.ሜ ዘንግ ብጠቀም ዘንጉ የሚገባበት ቦታ ከመሠረቱ 13.8 ሴ.ሜ ከፍ ይላል፤ ጅራቱ ግን ከዚያ 13.5 ሴ.ሜ ዝቅ ስለሚል መሠረቱን ለመንካት 3 ሚ.ሜ ብቻ ይቀረዋል። 24 ሴ.ሜ ሲሆን ከፍታው 18.4 ሴ.ሜ ይሆናል፣ ከጅራቱ ሥርም 5 ሴ.ሜ ገደማ ክፍት ቦታ ይቀራል። ይህ ያምራል።

ዋጋው ግን አለ። 24 ሴ.ሜ ዘንግ በ40 ዲግሪ ሲያጋድል ላይኛው ጫፉ ከታችኛው 15.4 ሴ.ሜ ወደኋላ ይሄዳል። ክብደቱ ሆዱ ላይ ሳይሆን ከሆዱ በላይ፣ አካሉ ውስጥ ስለሆነ ሌላ 2 ሴ.ሜ ያህል ጨምሩበት። እንግዲህ ዘንጉን መሠረቱ መሃል ላይ ብተክለው መንኮራኩሩ ወደኋላ ሊገለበጥ ይችላል። የእኔ መሠረት 30 ሴ.ሜ ይረዝማል፤ ዘንጉ የተተከለው ከፊተኛው ጠርዝ 5 ሴ.ሜ ላይ ነው። የሞዴሉ ክብደት ከፊተኛው ጠርዝ 22.4 ሴ.ሜ ላይ ያርፋል፣ ከኋላው ጠርዝ ለመድረስ 7.6 ሴ.ሜ ይቀረዋል። ቀዳዳው ወደ አንድ ጫፍ ተጠግቶ ሲታይ ስህተት ሊመስላችሁ ይችላል። መንኮራኩሩ ሲወጣበት ግን ሚዛኑ እዚያ ይገኛል።

ዘንጉ

ሞዴል የሚሠራ ሰው እጁ የሚሄደው ወደ ነሐስ ነው። ለአነስተኛና ቀጥ ብሎ ለሚቆም ሞዴል 3 ሚ.ሜ ነሐስ ይበቃል፣ በእጅም ይታጠፋል። ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። 24 ሴ.ሜ የሆነ የ4 ሚ.ሜ ነሐስ 420 ግራም ተሸክሞ በዚህ አንግል ሲቆም ጫፉ 1 ሴ.ሜ ገደማ ይጎብጣል፤ በር በተዘጋ ቁጥርም ይርገበገባል። የዘንግ ጥንካሬ የሚያድገው በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ነው፤ ከ4 ወደ 6 ሚ.ሜ ስትሄዱ አምስት እጥፍ ታገኛላችሁ። ብረት ደግሞ ከነሐስ ሁለት እጥፍ ያህል ይገትራል። ስለዚህ የ6 ሚ.ሜ ብረት ዘንግ መጉበጡ 1 ሚ.ሜ ገደማ ብቻ ነው። ወፈረ የሚል ካለ ደብዛዛ ጥቁር ቀለም ቀቡትና ከሁለት እርምጃ ርቆ ይየው።

ግልጽ የአክሪሊክ ዘንግ የሚወዱ አሉ። ብርሃን ሲያርፍበት ከጥቁሩ ብረት ይልቅ ጎልቶ ይታያል ባይ ነኝ። ከተጠቀማችሁበት በአልኮል አትወልውሉት፤ ውስጡ ጥቃቅን ስንጥቅ ያወጣል።

አካሉ ውስጥ የሚቀረው ቱቦ

ዘንጉን በቀጥታ ሞዴሉ ላይ አታጣብቁ። ለማጓጓዝም ሆነ አቧራ ለመጥረግ መውጣት አለበት። አካሉ ሳይዘጋ ውስጡ የሚቀመጥ፣ ዘንጉን ልክክ አድርጎ የሚቀበል የነሐስ ቱቦ ያስፈልጋል፤ ርዝመቱ ከ3 ሴ.ሜ ባያንስ።

ሆዱን በ1.5 ሚ.ሜ ፑንታ ጀምሩ፣ ወደ 3 ሚ.ሜ እለፉ፣ የቀረውን በክብ ሞረድ አስፉት። መሰርሰሪያው ቀስ ብሎ ይዙር፤ ከፈጠነ ፕላስቲኩ ይቀልጥና ፑንታው ላይ ይጠቀለላል። ቱቦውን ከውጭ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ፣ ቅባቱን ጥረጉ፣ በኢፖክሲ (ሁለት ክፍሉ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ማጣበቂያ) አጣብቁት። ሱፐር ግሉ እዚህ አይገባም፤ ሲመታ ይለቃል፣ ትነቱም የመስኮቶቹን ግልጽ ፕላስቲክ ያነጣዋል። የቱቦው ላይኛ ጫፍ ደግሞ ከ2 ሚ.ሜ ፕላስቲክ በተቆረጠና ከግራ ወደ ቀኝ አካሉን በሚያቋርጥ ግድግዳ ይታቀፍ። ይህ ካልሆነ ሸክሙ ሁሉ በሆዱ ስስ ፕላስቲክ ላይ ይወድቃል፣ አንድ ቀን ይሰነጠቃል።

በ5 ደቂቃ የሚደርቀውን ሳይሆን በቀስታ የሚደርቀውን ኢፖክሲ ምረጡ፤ ጊዜው የሚያስፈልገው ለማስተካከል ነው። ገና እርጥብ ሳለ ዘንጉን አስገቡና በስኳድራ ከሆዱ ጋር ቀጥ ማለቱን እዩ፣ ከዚያ ከፊት ሆናችሁ ክንፎቹን ተመልከቱ። ወደ ጎን 1 ዲግሪ ብቻ ቢያጋድል የሁለቱ ክንፎች ጫፍ በ6 ሚ.ሜ ገደማ ይበላለጣል፣ ዓይን ደግሞ ይህን ወዲያው ያያል።

አንድ ችግር ይቀራል፤ ክብ ዘንግ ክብ ቱቦ ውስጥ ይሽከረከራል። እውነተኛው ሻትል በቦይንግ 747 ጀርባ ላይ ሲጓጓዝ የሚያዘው በሦስት ነጥብ ነበር፤ አንድ ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። (ከመያዣዎቹ በአንዱ ላይ «ኦርቢተሩን (ሻትሉን) እዚህ አያይዙ፤ ማሳሰቢያ፦ ጥቁሩ ጎን ወደ ታች» የሚል የሠራተኞች ቀልድ ተጽፎበት ነበር።) እኛ ያለን አንድ ነጥብ ስለሆነ መቆለፊያ እንሥራለት። የቱቦውን አፍ በሞረድ 2 ሚ.ሜ ያህል ሰንጥቁት። ዘንጉን በዚያው ቁመት ላይ በ1.5 ሚ.ሜ ፑንታ ብሱና አጭር ሽቦ አጣብቁበት። ሽቦው ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ መንኮራኩሩ መዞር አይችልም፣ ሁልጊዜም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይገጥማል። ቱቦውን ስታጣብቁ ስንጥቁ ወደ ጅራቱ ይዙር፤ ከፊት አይታይም።

መሠረቱ

የእኔ 30 በ14 በ2 ሴ.ሜ የሆነ ጠንካራ እንጨት ነው። ኤምዲኤፍም (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ሰሌዳ) ይሆናል፣ ጠርዙን ግን በደንብ ማሸግ ይፈልጋል፤ ቀለም ይመጥጣል። ኮምፔንሳቶ ከጎን ሲታይ ንብብሩ ስለሚወጣ አልመርጠውም።

2 ሴ.ሜ ውፍረት ያለውን እንጨት በ40 ዲግሪ ሰያፍ መብሳት አስቸጋሪ ነው፤ ብትችሉም ዘንጉን የሚይዘው እንጨት ትንሽ ነው። ስለዚህ 5 ሴ.ሜ ያህል ከፍታ ካለው እንጨት ሽብልቅ ቁረጡ። ተዳፋት ገጹ ከመሠረቱ ጋር 40 ዲግሪ ይሥራ፣ ፊቱንም ወደኋላ ያዙር። ዘንጉ የሚገባው ለዚህ ገጽ ቀጥ ብሎ ነው፤ አንግሉን መጋዙ ጨርሶታል፣ መሰርሰሪያው የሚጠበቅበት ቀጥ ብሎ መውረድ ብቻ ነው። ቀዳዳው ሽብልቁን አልፎ መሠረቱ ውስጥ ይግባ፣ ከ4 ሴ.ሜ ያላነሰ ጥልቀት ይኑረው። ሽብልቁን በእንጨት ኮላ አጣብቁና ከሥር በቡሎን አጥብቁት።

ክንፎቹ ከመሠረቱ በግራም በቀኝም 9.5 ሴ.ሜ ይወጣሉ፤ አላፊ አግዳሚው የሚነካው እነሱን ነው። ስለዚህ መሠረቱን ከሥር ቦርቡሬ በፊተኛው ግማሽ 15 በ10 ሴ.ሜ የሆነ 5 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው የብረት ቁራጭ ከትቻለሁ፤ ወደ 590 ግራም ይመዝናል። ብረቱን ፊት ላይ ያደረግኩት፣ የመንኮራኩሩ ክብደት ወደኋላ ስለሚጎትት ነው።

ማስተካከሉ እንደማንኛውም እንጨት ነው፤ 120፣ 180፣ 240 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ በቫርኒሽ ንብብሮች መካከል 400። የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ አትቀቡ፤ አቧራ ያሳያል፣ የክፍሉን መብራትም ሆዱ ላይ መልሶ ይረጨዋል። የስም ሰሌዳ ካሻችሁ ትንሽ ይሁን፣ ስሙና መጠኑ ይበቃሉ።

መንኮራኩሩን ከመስቀላችሁ በፊት ኢፖክሲው ሙሉ ቀን ይድረቅ። ከዚያ ዘንጉ ጫፍ ላይ የሞዴሉን እጥፍ የሚመዝን የውኃ ጠርሙስ አንጠልጥሉ፤ በእኔ ልክ 840 ግራም ማለት ነው። ወደኋላ እንዳይገለበጥ የመሠረቱን ፊት በከባድ ነገር ተጭናችሁ፣ ከኋላው በቆመ ካርቶን ላይ የዘንጉን ጫፍ ከፍታ በእርሳስ ምልክት አድርጉና አሳድሩት። ጠዋት ጫፉ ከምልክቱ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ሽብልቁ ወይም ማጣበቂያው እየለቀቀ ነው፤ ዘንጉን አውጥታችሁ ቀዳዳውን አጥልቁና እንደገና ትከሉት። ካልተነቃነቀ ከሥሩ ለስላሳ ጨርቅ ለጥፉና መንኮራኩሩን አውጡበት።