ሲሳቅ አብሮ ላለመሳቅ፦ በኤልጂቢቲ ተማሪዎች ላይ የሚደርሰውን ቡሊንግ እንዴት እናሳውቅ?

አንድ ክፍል አብሮኝ የተማረ ልጅ ነበር። ትምህርት ቤት ከገባ ውሃ የሚባል ነገር አይቀምስም። ምክንያቱ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ሽንት ቤት መሄድ ይፈራ ነበር። እዚያ ይጠብቁታል፣ «ሴታሴት» እያሉ ይሰድቡታል፣ በሩን ከውጭ ይዘው ደወል እስኪደወል ያስቀሩታል። እኔ እጄን አላነሳሁበትም። ግን አንድ ቀን ክፍሉ ሲስቅበት አብሬ ሳቅኩ፣ እሱም ዞር ብሎ አየኝ። ያ አስተያየቱ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ልጁ ማንን እንደሚወድ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። አረማመዱን አይተውና ድምፁን ሰምተው ነው የፈረዱበት። ኤልጂቢቲ ስንል ሌዝቢያን (ሴት የምትወድ ሴት)፣ ጌይ (ወንድ የሚወድ ወንድ)፣ ባይሴክሹዋል (ሁለቱንም ጾታ የሚወድ) እና ትራንስጀንደር (የጾታ ማንነቱ ሲወለድ ከተሰጠው ጾታ የሚለይ) የሆኑ ሰዎችን ማለታችን ነው፤ ቡሊንጉ፣ ማለትም እንዲህ ደጋግሞ ማስጨነቁ፣ ግን የተጠረጠረውንም አይምርም። ስለዚህ ይህንን በትምህርት ቤታችሁ የማሳወቅና የማስቆም ሥራ ስትጀምሩ «ማን ነው እንዲህ የሆነው?» የሚለውን ጥያቄ ተዉት። መጠየቅ ያለበት ማን ምን እያደረገ እንደሆነ ነው፣ ያየው ሰውስ ምን አደረገ የሚለው ነው። ይህንን ከሳታችሁ ልትጠብቋቸው የፈለጋችኋቸውን ልጆች ራሳችሁ ታጋልጧቸዋላችሁ።

ተራ ጠብና ቡሊንግ ለየቅል ናቸው። ስዊድን ተወልዶ ኖርዌይ የሠራው ተመራማሪ ዳን ኦልቬየስ ቡሊንግን በሦስት ነገር ይለየዋል፦ ሆን ተብሎ ይደረጋል፣ ይደጋገማል፣ አቅማቸው ባልተመጣጠነ ልጆች መካከል ይፈጸማል። በኤልጂቢቲ ተማሪ ላይ ሲሆን ደግሞ አንድ ነገር ይጨመርበታል። በመነጽሩ ወይም በቁመቱ የሚሰደብ ልጅ ቤቱ ገብቶ ለእናቱ ይነግራታል። ይሄኛው ምን ብሎ ይንገር? «ምን ብለው ሰደቡህ?» ስትለው የሚሰጣት መልስ ራሱ ቤት ውስጥ ሌላ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። መምህር ከሆናችሁ ይህንን አደራ አትርሱ፤ ልጁን ሳታማክሩ ወላጁ ጋ ደውላችሁ የተባለውን ቃል በቃል አትናገሩ። በቅን ልብ የተደረገ አንድ ስልክ ልጁን ከቤት ሊያስባርረው ይችላል።

መጀመሪያ ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ቡሊንግ መምህር ፊት ብዙም አይታይም። ኮሪደር፣ ሽንት ቤት፣ የስፖርት ልብስ መቀየሪያ፣ ሰርቪስ፣ የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ፣ እነዚህ ናቸው ቦታዎቹ። ስፖርት ባለበት ቀን ብቻ የሚቀር ተማሪ ካለ ምክንያት አለው።

ከዚያ ስም የማይጻፍበት መጠይቅ በትኑ። ጥያቄዎቹ አጭር ይሁኑ፦ «ባለፈው ወር አንድ ተማሪ በአነጋገሩ፣ በአለባበሱ ወይም በጾታዊ ዝንባሌው ሲሰደብ ሰምታችኋል? የት? መምህር ነበረ? ምን አደረገ?» እኔ አንድ እጨምራለሁ፦ «ሽንት ቤት ላለመሄድ ብላችሁ ውሃ ሳትጠጡ የዋላችሁበት ቀን አለ?» መልሱ ምልክት የሚደረግበት እንጂ የሚጻፍ አይሁን፣ ምክንያቱም የእጅ ጽሑፍ ይታወቃል። ውጤቱንም በየክፍሉ ለይታችሁ አትለጥፉ፤ ጥቂት ልጆች ባሉበት ክፍል ማን ምን እንዳለ ወዲያው ይገመታል።

ቁጥሩን ይዛችሁ ርዕሰ መምህሩ ጋ ሂዱ። የምትጠይቁት ነገር ግልጽ ይሁን፦ የትምህርት ቤቱ ደንብ «ማንኛውም ትንኮሳ ክልክል ነው» ብሎ እንዳያልፍ፣ ጾታዊ ዝንባሌና የጾታ ማንነት ተብሎ በስም ይጻፍ። በስም ያልተጻፈ ነገር «ልጆች ናቸው፣ ይጫወታሉ» ተብሎ ይታለፋል። «እኛ ምን አገባን» የሚል ካጋጠማችሁ የጄሚ ናቦዝኒን ጉዳይ አንሱለት። አሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ ጌይ በመሆኑ ለዓመታት ሲደበደብ የኖረ ተማሪ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ደጋግሞ ተነግሮት ዝም አለ። በፈረንጆቹ 1996 የፌደራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች ሊጠየቁ ይችላሉ ብሎ ወሰነ፣ ጉዳዩም ከ900 ሺህ ዶላር በላይ ተከፍሎ ተቋጨ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ወደሚያዩት ልጆች። የሚመታው አንድ ወይም ሁለት ነው፣ የሚያየው ግን ክፍል ሙሉ ነው። በካናዳ ተሠርቶ በፈረንጆቹ 2001 የታተመ ጥናት ተማሪዎችን በካሜራ ተከታትሎ ነበር፤ አንድ ተማሪ መሃል ሲገባ ከግማሽ በላይ በሆነው ጊዜ ቡሊንጉ በ10 ሰከንድ ውስጥ ይቆማል። አስር ሰከንድ! ታዲያ ለምን ዝም እንላለን? ምን እንደምንል ስለማናውቅና ቀጣዩ እኔ እሆናለሁ ብለን ስለምንፈራ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቹ ቃሉን አስቀድመው ይለማመዱት። ንግግር ማድረግ አይጠበቅባቸውም። «ይሄ አያስቅም»፣ «ተወው በቃ» ይበቃል። ይህንን ለማለት ለሚፈራ ሌላ መንገድ አለ፦ አጥቂውን ጨርሶ ሳያዩ ወደ ተሰዳቢው ሄዶ «ና፣ እንሂድ፣ ፈልጌህ ነበር» ማለት። ይህን ማንም ይችላል። ብዙ ጊዜም የተሻለው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ልጁ ብቻውን አይቀርም። እኔም ያን ቀን ይህቺን ብላት ኖሮ ይበቃ ነበር።

መምህራንም ልምምድ ያስፈልጋቸዋል። ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ ላይ «ወንዳወንድ» የሚል ስድብ ሲወረወር አንዳንዱ ያልሰማ ይመስላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሃያ ደቂቃ ይመክራል፤ ያን ሁሉ ጊዜ ክፍሉ በሙሉ ልጅቷን ያያታል። ሁለቱም አይጠቅማትም። ባጭሩ «ይህ ቃል እዚህ ክፍል አይነገርም» ብሎ ወደ ትምህርቱ መመለስ ይሻላል። በኋላ ለብቻዋ «ሰምቻለሁ፣ ምን ላግዝሽ?» ይበላት። «እውነት ነው እንዴ?» ብሎ ግን አይጠይቃት።

የተለየ ቀን ማዘጋጀት ከፈለጋችሁ ግንቦት 9 አለ፣ በፈረንጆቹ ሜይ 17። በ1990 በዚያ ቀን የዓለም ጤና ድርጅት ግብረ ሰዶማዊነትን ከበሽታዎች ዝርዝር አወጣ፣ ከ2005 ጀምሮም ቀኑ በብዙ አገር ታስቦ ይውላል። በ1996 አሜሪካ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የዝምታ ቀንም አለ፤ ሲጀመር ተማሪዎች ዝም የተባሉትን ለማሰብ ራሳቸው ዝም ብለው ይውሉ ነበር። እኔ በጣም የምወደው ግን በካናዳዋ ክፍለ ሀገር በኖቫ ስኮሺያ የተደረገውን ነው። በ2007 አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ሮዝ ሸሚዝ ለብሶ በመምጣቱ ተሰደበ። ዴቪድ ሼፐርድና ትራቪስ ፕራይስ የሚባሉ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ይህን ሰምተው 50 ሮዝ ልብስ ገዝተው በማግስቱ በር ላይ አደሉ። ልጁን መድረክ ላይ አላወጡትም፣ ታሪኩንም እንዲናገር አልጠየቁትም። እናንተም ማንንም «ወጥተህ ምስክርነት ስጥ» አትበሉ፣ ፎቶ አንስታችሁም አትለጥፉ።

ሕጉ ወይም አካባቢው ጥብቅ ከሆነና ስሙን መጥራት አደጋ ካለው፣ ዩኔስኮ በትምህርት ቤት የሚፈጸም ጥቃትና ቡሊንግን ለመቃወም የሰየመው ቀን ይሻላችኋል። በየዓመቱ በኖቬምበር የመጀመሪያው ሐሙስ ነው። ስለ አረማመድ፣ ስለ ድምፅና ስለ አለባበስ የሚወረወሩ ስድቦችን አንስታችሁ ብትነጋገሩ፣ የሚመለከታቸው ልጆች ስለ እነሱ መሆኑ ይገባቸዋል።

አንድ ተማሪ «መኖር ሰልችቶኛል» ብሎ ከነገራችሁ ምስጢር እጠብቃለሁ ብላችሁ ቃል አትግቡ። በዚያው ቀን፣ አብራችሁት ሆናችሁ፣ ባለሙያ ወይም እሱ የሚያምነው ትልቅ ሰው ጋ ውሰዱት። ቡሊንጉን ንገሩ፣ ዝንባሌውን ግን እሱ ካልፈቀደ አትንገሩ።

ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ መጠይቅ እንደገና በትኑ። የሚያመለክቱ ተማሪዎች ቁጥር ጨምሮ ብታገኙት አትደንግጡ፣ ርዕሰ መምህሩም እንዳይደነግጥ ቀድማችሁ ንገሩት። ድሮ ዝም ይሉ የነበሩት መናገር ሲጀምሩ መጀመሪያ የሚታየው ይሄ ነው።