ለአደን ስንት ሜትር ላይ ይተኮሳል? የራስን ርቀት የማወቂያ መንገድ

«ይሄ ጠመንጃ እስከ 1000 ሜትር ይመታል» የሚል ወሬ ለአዳኝ ምንም አይፈይድለትም። ጥይቱስ ይደርሳል፤ የሚያጠራጥረው ልብና ሳንባውን ማግኘቱ ነው። ሆዱን ወይም እግሩን የተመታ ድኩላ ጥሻ ገብቶ ለቀናት እየተሰቃየ ይሞታል፤ ሥጋውም ለማንም ሳይሆን ይቀራል። ስለዚህ ትክክለኛው ርቀት የሚለካው በተኳሹ እጅ ነው።

ከባሕር ዳር ለሚነሳ ሰው አንድ ነገር አስቀድሞ ግልጽ ይሁን፤ ጣና ዳር የማደኛ ቦታ አይደለም። ሐይቁና ዙሪያው ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። በዚያ ላይ ጥይት ውኃ ላይ ነጥሮ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ደንገሉ ውስጥ ታንኳ የያዘ ዓሣ አጥማጅ ሊኖር ይችላል። አደን የሚፈቀደው ፈቃድ ለያዘ ሰው፣ በፈቃዱ ላይ ለተጻፈው እንስሳና ቀጠና ብቻ ነው።

የሐይቁ ዳር የሚጠቅመው ግን ዓይንን ለማስተማር ነው፤ ያውም በባዶ እጅ። መጀመሪያ የኳስ ሜዳ ሂዱና 100 ሜትር በሜትር ለክታችሁ በተለመደ አካሄዳችሁ ስንት እርምጃ እንደሚሆን ቁጠሩ። ብዙውን ጊዜ ከ125 እስከ 140 ነው። ቀጥሎ አስፋልት ዳር አንድ ዛፍ ምረጡ፣ ርቀቱን ገምቱ፣ ከዚያ በእርምጃ አረጋግጡ። ይህን ሃያ ጊዜ ያህል ደጋግሙት። መጨረሻ ላይ ሐይቁ ዳር ቆማችሁ ውኃው ላይ ያለ ታንኳ ተመልከቱ፤ ከእውነተኛው ርቀቱ ይልቅ ቅርብ ይመስላል። በመካከል ዓይን የሚይዘው ነገር ስለሌለ ነው። ገደል ማዶ ያለ እንስሳም እንዲሁ ያታልላል፤ ጥላ ውስጥ የቆመው ደግሞ በተቃራኒው የራቀ ይመስላል።

አሁን ወደ ተኩሱ። ከካርቶን 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቁረጡ፤ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሳህን የምታህል ማለት ነው። ይህ በግምት የድኩላ ልብና ሳንባ ነው። ለሚዳቋ 10፣ ለደጋ አጋዘን 25 ሴንቲ ሜትር ይሁን። በተፈቀደ የተኩስ ሜዳ ከ50 ሜትር ጀምራችሁ አምስት ጥይት ተኩሱ። ጠረጴዛ ላይ ተደግፋችሁ ከሆነ ራሳችሁን እያታለላችሁ ነው፤ ጫካ ውስጥ ጠረጴዛ የለም። ተንበርክካችሁ፣ ተቀምጣችሁ ወይም ግንድ ተደግፋችሁ ሞክሩት። አምስቱም ክቡ ውስጥ ከገቡ 25 ሜትር ጨምሩ። አንዷ ብትወጣ ተመለሱ፤ ከአምስት አራት ማለፊያ አይደለም፣ አምስተኛዋ እንስሳውን የምታቆስለው ናትና።

የጥይት መበተን ከርቀት ጋር ያድጋል፤ 100 ሜትር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ የሚሰበስብ ሰው 200 ሜትር ላይ ቢያንስ 20 ይበትናል። ለዚህ ሰው የድኩላ ወሰኑ 150 ሜትር ነው። ጫካ ሲገባ ከዚያም አንድ ሦስተኛውን ይቀንስ፤ ዳገት የወጣ ሰው ልቡ እየደለቀ ቃታ ሲስብ ሜዳ ላይ የነበረው ሰው አይደለም።

ከ200 ሜትር በላይ ሌላ ጣጣ ይጀምራል። 100 ሜትር ላይ ያነጣጠሩበትን እንዲመታ የተስተካከለ የተለመደ የአደን ጠመንጃ ጥይቱ 200 ላይ 10 ሴንቲ ሜትር፣ 300 ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል። 300 ሜትር ለመድረስ ወደ 0.4 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ በዚህ ጊዜ ዝግ ብሎ የሚራመድ እንስሳ ግማሽ ሜትር ያህል ይሄዳል፣ ደረቱ ላይ ያነጣጠራችሁት ሆዱን ይመታል። ነፋስም አለ። የጣና ጀልባ ነጂዎች ጠዋት መነሳት የሚመርጡት ከሰዓት በኋላ ስለሚነፍስ ነው፤ ነፋስ ጥይትንም ወደ ጎን ይገፋል።

በረሽ፣ ማለትም ብዙ ትንንሽ ፍንጣሪ በአንዴ በሚተፋ ጠመንጃ፣ ጅግራ የሚያድን ከ30 ሜትር ባያልፍ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ፍንጣሪው ይሳሳና ወፏን ሳይገድል አቁስሎ ይለቃታል።

ርቀቱ ቢመችም የማይተኮስበት ጊዜ አለ፦ እንስሳው ሲሮጥ፣ ፊቱን ወይም ጀርባውን ሲሰጥ፣ ሲመሽ፣ ከኋላው ጥይት የሚይዝ አፈር ሳይኖር ሰማይ ብቻ ሲታይ። ትንሿ የ.22 ካሊበር ጥይት እንኳ ከ1.5 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች። ጎኑን ሰጥቶ ሲቆም ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ከደረቱ ሥር ወደ ላይ የቁመቱን አንድ ሦስተኛ አልሙ።

ተኩሳችሁ ካልወደቀ ወዲያው አትሩጡ። የቆመበትን ቦታ ምልክት አድርጉ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ ከዚያ ደሙን እዩ። አረፋ ያለው ቀላ ያለ ደም የሳንባ ነው፤ ብዙም ሳይርቅ ታገኙታላችሁ። ጠቆር ያለ ደም የጉበት ሊሆን ይችላል። አረንጓዴ ነገር ተቀላቅሎበት የሆድ ሽታ ካለው ግን ቢያንስ አራት ሰዓት ጠብቃችሁ ተከተሉት፤ ቶሎ ከደረሳችሁበት ተነስቶ ይርቅና ፈለጉ ይጠፋችኋል።