ችሎት ፊት ያረጋጋችኝ አንድ ገጽ

በመጀመሪያው ቀጠሮ ዳኛው «ውሉ የተፈረመው መቼ ነው?» አሉኝ። ቀኑ ጠፋብኝ። ዋናውን ሰነድ ቤት ትቼ ኮፒ ብቻ ነበር የያዝኩት። ጉዳዩ ለሌላ ቀን ተቀጠረ።

ለሁለተኛው መጥሪያውን ደግሜ አነበብኩ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ችሎቱን፣ የመዝገብ ቁጥሩን። ከዚያ የሆነውን ሁሉ በቀን ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ ጻፍኩ። ከእያንዳንዱ ቀን ጎን የትኛው ማስረጃ እንደሚያሳየው አሰፈርኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ከሁሉም በላይ የረዳኝ ይሄ ነው። ሰነዶቹንም ዋናውን ከኮፒው ጋር በዚያው ተራ አዘጋጀሁ።

ቀደም ብዬ ደረስኩ። ስልኬን አጠፋሁ። የሌሎች ጉዳይ ሲሰማ ቁጭ ብዬ ሳይ ፍርሃቴ ቀለል አለኝ።

ተራዬ ሲደርስ የተጠየቅኩትን ብቻ መለስኩ። ያልገባኝን «ይድገሙልኝ» አልኩ። ያላስታወስኩትን ደግሞ አልገመትኩም፤ የተናገሩት ቃል መዝገብ ላይ ይሰፍራላ! የውሉን ቀን ሲጠይቁኝ ገጼን አይቼ ወዲያው ነገርኳቸው።