የሂት ፓምፕን የውጭ ማሽን ባሕር ዳር ላይ እንዴት እንተክላለን?

የውስጡ ኤሲ የት እንደሚሰቀል ሳምንት ሙሉ የሚያወጣና የሚያወርድ ሰው፣ የውጭውን ማሽን «እዚያ ጥግ ወሸቅ አድርጉት» ብሎ ይገላገላል። ኋላ የሚመጣው ጣጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚያው ጥግ ነው። እዚህ የምንነግራችሁ ስለ ሂት ፓምፕ፣ ማለትም ማቀዝቀዝም ማሞቅም ስለሚችለው ኤሲ፣ ለአንድ ክፍል ስለሚሆነው ባለ 12,000 ቢቲዩ (የአቅም መለኪያ ነው) ማሽን ነው።

ማሽኑ ከኋላው አየር ስቦ በፊቱ ያስወጣል። ከግድግዳው 30 ሳንቲ፣ ከፊቱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ቱቦዎቹ የሚገጠሙባቸው ቫልቮች ባሉበት ጎን ደግሞ 60 ሳንቲ ክፍት ቦታ ተዉለት። የፋብሪካው መመሪያ ከዚህ ያነሰ ሊፈቅድ ይችላል። ባሕር ዳር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠረፍ ከተማ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ማራገቢያው እኩል ቢሽከረከርም ጠርጎ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ቦታ አትሰስቱበት። ከውጭ አምፖል ሥርም አታስቀምጡት፤ ሐይቁ ዳር ማታ መብራት የከበበው ትንኝ ጠዋት በማሽኑ ቀጫጭን ክንፎች መሃል ተሰግስጎ ይገኛል።

ግድግዳ ላይ መስቀል የሚያምራችሁ ከሆነ መጀመሪያ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ እወቁ። ብሎኬት ሆዱ ባዶ ነው። በትራፓኖ ስትበሱት ለጥቂት ሳንቲ ይጠነክርና በድንገት ዘው ይላል፤ ዘው ያለበት ባዶው ሆዱ ነው። የብረት ፊሸር (ሲጠበቅ እየሰፋ ቀዳዳውን የሚነክሰው ማሰሪያ) እዚያ ቢጠብቅ የሚነክሰው ነገር ስለሌለ ቀጭኑን የብሎኬት ፊት ይሰነጥቀዋል። የዚያን ቀን የያዘ ይመስላል፤ ከ25 ኪሎ የሚበልጥ ማሽን ላዩ ላይ ሲንቀጠቀጥ ከርሞ ግን ይላላል። ብራኬቱን (ማሽኑ የሚቀመጥበትን የብረት መደገፊያ) ከቢም ወይም ከኮለን፣ ማለትም ከኮንክሪት አግዳሚው ወይም ምሰሶው ላይ፣ በ10 ሚሊ ፊሸር፣ ቢያንስ 6 ሳንቲ ኮንክሪት ውስጥ አስገብታችሁ ማሰር ካልቻላችሁ አትስቀሉ።

ያለዚያ መሬት ላይ ይቀመጥ። በከተማዋ ብዙ ሰፈር አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። እላዩ ላይ በቀጥታ ኮንክሪት ካፈሰሳችሁ ማሽኑ በዓመቱ ያዘነብላል፣ የመዳብ ቱቦውም በመጋጠሚያው ላይ ይወጠራል። አንድ ሜትር በ60 ሳንቲ ለክታችሁ 30 ሳንቲ ቆፍሩ። የወጣውን ጥቁር አፈር አርቃችሁ ጣሉት፤ መልሳችሁ እንዳትሞሉበት። ጉድጓዱን በገረጋንቲ በሁለት ዙር፣ እያረጠባችሁ ጠቅጥቃችሁ ሙሉት። በላዩ 12 ሳንቲ ከፍታ ያለው ጣውላ አቁሙ፣ 8 ሚሊ ፌሮ በየ20 ሳንቲው አስራችሁ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር ሙሉበት። ከ50 ኪሎው የሲሚንቶ ከረጢት ግማሽ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ይበቃል። ለሳምንት ውሃ አጠጡት።

ማሽኑ ቆሞ እንጂ ተጋድሞ አይጓጓዝ፤ ከተጋደመ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቱቦው ስለሚሄድ ለጥቂት ሰዓታት ቀጥ ብሎ ሳይቆም አታስነሱት። በአራቱም እግሩ ሥር ወፍራም ጎማ አድርጉ፣ በውሃ ልክ አስተካክሉ፣ ከዚያ ቡሎኑን ከነሮንዴላው እሰሩ።

ለግድግዳው ቀዳዳ 65 ሚሊ ይበቃል፤ ዝናብ እንዳይገባ ወደ ውጭ ዘቅዝቁት። በዚህ ልክ ሩብ ኢንችና ግማሽ ኢንች የመዳብ ቱቦ የሚወስድ ማሽን አለ፤ የእናንተው ግን በግማሹ ፈንታ ሦስት ስምንተኛ ኢንች እንዳይሆን የማሽኑን ጽሑፍ እዩ። ቱቦውን በመቁረጫው እንጂ በመጋዝ አትቁረጡ። ፍርፋሪው ወደ ውስጥ እንዳይገባ አፉን ወደ መሬት ደፍታችሁ ጥረጉት። ቱቦውን ከቫልቩ ጋር የሚያጠብቀውን ዳዶ አስቀድማችሁ አስገቡ (ይህን ረስቶ ሁለቴ የማይቆርጥ የለም)፣ ከዚያ አፉን እንደ ጡሩምባ ክፈቱት። ሩብ ኢንቹ ወደ 16፣ ግማሽ ኢንቹ ወደ 55 ኒውተን ሜትር ይጠበቃል፤ በሁለት ቁልፍ፣ አንዱ እየያዘ ሌላው እያዞረ። ከመጠን በላይ የጠበቀ ጡሩምባ ይሳሳና ያፈሳል። ወደ ማሽኑ ሲቃረብ ቱቦውን እንደ ቀለበት ሰፋ አድርጋችሁ አንድ ዙር አዙሩት፤ መሬቱ ትንሽ ቢንቀሳቀስ እሱ ይሸከማል።

በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር «ትንሽ ጋዝ ለቀን እናስወጣዋለን» የሚል ባለሙያ ከመጣ አመስግናችሁ ሸኙት። ቱቦው ውስጥ የቀረ እርጥበት ከዘይቱ ጋር አሲድ ይሆናል። መጀመሪያ ቱቦው እንዳያፈስ በናይትሮጅን ይፈተን፤ በኦክስጅን በፍጹም፣ ከዘይት ጋር ይፈነዳል። ከዚያ አየሩንና እርጥበቱን መጥጦ የሚያወጣው የቫኩም ፓምፕ ይነሳ። እዚህ ላይ ከፍታችን ያታልላል፦ የተለመደው ጌጅ ባሕር ዳር ላይ ፓምፑ የቱንም ያህል ቢሠራ ከ-0.8 ባር ብዙም አያልፍም። ከውጭ የሚጫነው አየር ራሱ 0.8 ባር ገደማ ስለሆነ ነው እንጂ ፓምፑ ደክሞ አይደለም። -1 ይነካል ብላችሁ አትጠብቁ፤ -0.8 አሳየ ብላችሁም አትርኩ። የማይክሮን መለኪያ (የቀረውን ጥቂት ግፊት የሚለካው) ከ500 በታች ሲያሳይ ወደ ፓምፑ የሚወስደውን ቫልቭ ዝጉና 10 ደቂቃ ጠብቁ። ትንሽ ከፍ ብሎ ከቆመ እርጥበት አለ፤ ፓምፑ ይቀጥል። ሳይቆም ከወጣ ፍሳሽ አለ፤ መጋጠሚያዎቹን ፈትሹ።

መብራቱ ለብቻው መስመር፣ 2.5 ካሬ ሽቦና የማሽኑ ጽሑፍ የሚያዘው ብሬከር ይኑረው። ኧርዙ የግድ ነው። ቮልቴጁ የሚወርድበት ሰፈር ከሆነ ስታቢላይዘር ጨምሩ፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሦስት ደቂቃ የሚያዘገየውን ምረጡ።

አሁን ሁለቱንም ቫልቮች እስከ መጨረሻው ክፈቱና ክዳናቸውን አጥብቁ። እያንዳንዱን መጋጠሚያ የሳሙና አረፋ ቀቡ። እያቀዘቀዘ ለ15 ደቂቃ ከሠራ በኋላ የሚገባውና የሚወጣው የውስጥ አየር ልዩነት ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ይሆናል። በታኅሣሥ ሌሊት ሲያሞቅ ከውጭው ማሽን ሥር ውሃ ቢንጠባጠብ ብልሽት አይደለም። የሽቦ መግቢያውን ቀዳዳ እንሽላሊት እንዳይገባበት ድፈኑ፤ የመጀመሪያው ክረምት እንዳለፈም ውሃ ልኩን መልሳችሁ አስቀምጡበት።