ከአፈሙዝ ለሚጎርስ ጠመንጃ አረር እንዴት ይመረጣል?

በአማርኛ ጠመንጃ “ይጎርሳል” እንላለን። የዛሬው ጠመንጃ የሚጎርሰው ከኋላው ነው። ዛሬ የማወራላችሁ ግን እንደ ሰው በአፉ የሚጎርሰውን ነው። መጀመሪያ ባሩዱ በአፈሙዙ ይገባል፣ ቀጥሎ አረሩ፣ ከዚያ በዘንግ እስከ ታች ይጠቀጠቃል። የአያት ቅድመ አያቶቻችን ነፍጥ እንዲህ ነበር የሚሠራው። እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ አጠገብ አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ ከአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጠመንጃ የነበረው በእንዲህ ያለው ሲዋጋ፣ እንግሊዞቹ ከኋላ የሚጎርሰውን ስናይደር ታጥቀው ነበር። ውጤቱን ታውቁታላችሁ።

አሜሪካ ውስጥ ይህ ጠመንጃ ዛሬም አልሞተም። ብዙ ግዛቶች ለእሱ ብቻ የአደን ወቅት ይመድቡለታል። እኔ ባለሁበት በኮሎራዶ ወቅቱ በሴፕቴምበር ሁለተኛው ቅዳሜ ጀምሮ 9 ቀን ይቆያል። ለእኛ እንቁጣጣሽ አካባቢ መሆኑ ነው። ኤልክ የሚባለው ትልቅ ባለ ቀንድ የዱር እንስሳ የሚጮኽበት፣ ኮርማው ሴት ፍለጋ ተራራውን በፉጨት የሚያናውጥበት ሰሞን ነው።

ሁለት ቃል ላጥራ። አረር ስል ቀለህ ያለውን ጥይት ማለቴ አይደለም፤ ወጥቶ የሚሄደውን እርሳስ ብቻ ነው። አጋዘን የምለው ደግሞ እንግሊዝኛው “ዲር” የሚለውን ነው። የአገራችን አጋዘን ቀንዱን ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል፤ የዚህኛው ወንድ ግን በየዓመቱ እየጣለ አዲስ ያበቅላል። የቅርብ ዘመዳሞች አይደሉም፣ ግን ሌላ ስም የለንም።

መጀመሪያ ሕጉን እዩ

ብዙ ጀማሪ ሱቅ ገብቶ ማሸጊያው ላይ ባለው ፎቶ ይማረክና ይገዛል። ከዚያ ሕግ የማይፈቅደው ሆኖ ያገኘዋል። በኮሎራዶ የአፈሙዝ ጎራሽ ወቅት ለኤልክ የጠመንጃው ቀዳዳ ቢያንስ 0.50 ኢንች፣ ለአጋዘን ቢያንስ 0.40 ኢንች መሆን አለበት። ከ0.40 እስከ 0.50 ላለው አረሩ ከ170 ግሬን ማነስ የለበትም፤ ከ0.50 በላይ ለሆነው ከ210 ግሬን። የአረሩ ርዝመት ከውፍረቱ ሁለት እጥፍ መብለጥ አይችልም። ሳቦ የሚባለው፣ አረሩ የሚለብሰው የፕላስቲክ ቀሚስ ክልክል ነው። እንደ ክኒን ተጠፍጥፎ የሚሸጠው ባሩድም፣ ጠመንጃው ላይ የሚገጠም የማነጣጠሪያ መነጽርም እንዲሁ።

ቨርጂኒያ ስትሄዱ ሳቦ ይፈቀዳል። ካሊፎርኒያ ደግሞ ከጁላይ 2019 ጀምሮ ለአደን እርሳስ ራሱ ተከልክሏል፤ እዚያ የመዳብ አረር ነው የሚገዛው። ደንቡ ስለሚለዋወጥ የዓመቱን መጽሔት አንብቡ፤ የጓደኛን ወሬ አትመኑ።

ግሬን ግራ ካጋባችሁ፣ 7,000 ግሬን አንድ ፓውንድ ነው። አንድ ግራም 15 ግሬን ተኩል ገደማ ይሆናል።

ቀጥሎ በርሜሉን ጠይቁት

አረሩን የምትመርጡት እናንተ አይደላችሁም፣ በርሜሉ ነው። በርሜሉ ውስጥ አረሩን የሚያሽከረክሩ ጥምዝ ቦዮች አሉ። በስንት ኢንች አንድ ሙሉ ዙር እንደሚዞሩ ብዙ ጊዜ በርሜሉ ላይ ተጽፏል። ካልተጻፈ፣ ዘንጉ ላይ ጠበቅ ያለ ጨርቅ አድርጉና ዘንጉን በቀለም ምልክት አድርጉበት፤ ወደ ውስጥ ስትገፉት ምልክቱ አንድ ዙር እስኪሞላ የተጓዘው ርዝመት መልሱ ነው።

በ60 ወይም በ66 ኢንች አንዴ የሚዞር ዘገምተኛ በርሜል ክብ አረር ይወዳል። በ28 ኢንች የሚዞረው ረዘም ያለውን፣ ሾጣጣውን አረር ወይም ሳቦ ይፈልጋል። 48 መሀል ሰፋሪ ነው፤ ሁለቱንም ያስተናግዳል፣ አንዳቸውንም ግን እንደ ልዩ በርሜል አያሳምርም። ርዝመት ያለው ነገር በአየር ላይ ሳይንገዳገድ እንዲሄድ በፍጥነት መሽከርከር አለበት፤ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ለየትኛው እንስሳ የትኛው?

ክብ አረር ያምራል፣ ርካሽም ነው። ችግሩ ክብደቱ ነው። ክብ ነገር የሚከብደው ሲሰፋ ብቻ ነው። ለ0.50 በርሜል የሚሆነው 0.490 ኢንች ክብ አረር 177 ግሬን ገደማ ይመዝናል። 0.54 በርሜል ውስጥ የሚገባው ደግሞ 225 ገደማ። ሾጣጣ አረር ግን በርሜሉን ሳይቀይሩ በማርዘም ብቻ 300 ወይም 400 ግሬን ይደርሳል።

እንግዲህ አስቡት። 177 ግሬን የኮሎራዶን ሕግ ለጥቂት ያልፋል። ለአጋዘን በ50 እና በ75 ያርድ ከበቂ በላይ ነው። ኤልክ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ኮርማው 700 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል፣ አጥንቱም እንደዚያው። ክብ አረር አየር ላይ ፍጥነቱን ቶሎ ይጥላል። ሕጉ ቢፈቅድም እኔ ኤልክ ላይ በ0.50 ክብ አረር አልተኩስም። 350 ግሬንና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ከለስላሳ እርሳስ የተሠራ ሾጣጣ ነው የምይዘው።

ለስላሳነቱን በጥፍር ፈትኑ። ጥፍር ካጫረው ጥሩ ነው። ለስላሳ እርሳስ ባሩዱ ሲፈነዳ ከታቹ ያብጥና ቦዮቹን ይሞላል፤ ጋዙ በጎኑ አያመልጥም። የመኪና ጎማ ማመጣጠኛ ክብደት አቅልጦ የሚሠራ ሰው አለ፤ ያ ለዚህ ሥራ ይደርቃል።

ልኩን መሞከር

ዋናው ነገር እዚህ ነው፤ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ጉርሻ ሲያስጨንቅ ነው ይባላል። ለአረር ግን ተረቱ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚሠራው።

ከሁሉ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። ዘንጉን እስከ ታች ስደዱ፣ አፈሙዙ ጋ ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ አውጥታችሁ በውጭ በኩል ከበርሜሉ ጋር ለኩት። ወደ ኋላው ጫፍ ካልተጠጋ ውስጥ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ከተጠጋ ግን ያደረጋችሁት ምልክት የባዶ ምልክታችሁ ነው፤ ዘላቂ አድርጉት።

ከዚያ ሾጣጣውን አረር ንጹሕ አፈሙዝ ላይ አስቀምጡ። በራሱ ክብደት ሸርተት ብሎ ከወረደ ልል ነው። መዶሻ ከጠየቀ ጠባብ ነው፤ እየተደበደበ ቅርጹን ያጣል። በአውራ ጣት ጠንከር ብሎ ሲገፋ ገብቶ፣ በዘንግ ወጥ በሆነ ግፊት የሚወርደው ልኩ ነው። ሁሉም “50” ተብሎ ቢሸጥም በርሜሎች በሺኛ ኢንች ይለያያሉ፤ ስለዚህ በተለያየ ልክ ጥቂት ጥቂት ገዝቶ መሞከር ያዋጣል።

ክብ አረር በጨርቅ ተጠቅልሎ ነው የሚገባው። 0.490 አረር ላይ 0.015 ኢንች ውፍረት ያለው ቅባት የነካው የጥጥ ጨርቅ ጥሩ መነሻ ነው። ሲደመር ከቀዳዳው ይበልጣል፤ ጨርቁ ግን ይጨመቅና ቦዮቹን ይሞላል።

እኔ ይህን የተማርኩት በድንጋጤ ነው። አንድ ሻጭ “50 ሁሌም 50 ነው” አለኝ፣ አመንኩት። ጠዋት አጉርሼ፣ ጠመንጃውን አፉን ቁልቁል አንግቼ ገደሉን ወረድኩ። እኩለ ቀን ላይ ዘንጉን ስሰድ ጠዋት ካጎረስኩ በኋላ ያደረግኩበት ምልክት ከአፈሙዙ በሁለት ጣት ወጥቶ ቀረ። አረሩ ከባሩዱ ተላቆ ወደ ፊት ሸሽቷል። በዚያ ሁኔታ ቢተኮስ በርሜሉ ሊያብጥ፣ ሊፈነዳም ይችላል። ፕራይመሩን፣ ማለትም ባሩዱን የሚለኩሰውን ትንሽ ማቀጣጠያ፣ አውጥቼ፣ አፉን ከራሴ አርቄ መልሼ ጠቀጠቅኩት። የቀረውን ፓኮ ሁለተኛ አልነካሁትም።

ስለዚህ አረሩ ባሩዱ ላይ በደንብ ሲቀመጥም ዘንጉ ላይ ሁለተኛ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ያለ ፕራይመር አጉርሳችሁ፣ አፉን ቁልቁል ይዛችሁ ወዲያ ወዲህ በሉ፣ እንደገና ለኩ። ምልክቱ ከተንቀሳቀሰ ያንን አረር ተዉት።

ተኩሶ መለየት

ባሩዱ ጥቁር ባሩድ ወይም አምራቹ የፈቀደው ምትክ ብቻ ይሁን። ለዘመናዊ ጥይት የሚሆነው ጭስ አልባ ባሩድ ለእሱ ተብሎ ባልተሠራ በርሜል ውስጥ ቦምብ ነው። ባሩዱን በመስፈሪያ ስፈሩ፤ ከዋናው ዕቃ በቀጥታ ወደ በርሜሉ አታንቆርቁሩ፣ የቀረ ፍም ሊኖር ይችላል።

ከመመሪያው ዝቅተኛ መጠን ጀምሩ። ሦስት ሦስት እየተኮሳችሁ፣ ጣሪያውን ሳታልፉ አሥር አሥር ግሬን ጨምሩ። በየተኩሱ መሀል በረጠበ፣ ቀጥሎ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ አለዚያ ጥላሸቱ ሦስተኛውን አረር ያንቀዋል። ቀዳዳዎቹ ተጠጋግተው የሚገኙበትን መጠን ያዙ። ብዙ ጊዜ ትልቁ አይደለም።

ክብ አረር ከሆነ መሬት የወደቀውን ጨርቅ ልቀሙ። መሀሉ ከተቃጠለ ስስ ነው ወይም ቅባት አንሶታል። ከተቆረጠ የበርሜሉ ጠርዝ ስለታም ነው። ዳሩ ብቻ ተተልትሎ መሀሉ ደህና ከሆነ ልኩን አገኛችሁ።

ጫካ ውስጥ የሚቆጠረው የመጀመሪያዋ ተኩስ ናት። ስለዚህ በሌላ ቀን ከቀዝቃዛና ንጹሕ በርሜል አንድ ብቻ ተኩሳችሁ የት እንዳረፈች እዩ። እኔ ያለ መነጽር ለኤልክ ከ100 ያርድ አላልፍም።

ማታ ቤት ስትገቡ ደክሞኛል አትበሉ። የጥቁር ባሩድ ጥላሸት ብረት ይበላል። ሙቅ ውኃና ሳሙና በቂ ነው። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድገሙት፣ አድርቁት፣ ዘይት በስሱ ቀቡት።